ውሃው የት ይሄዳል?

«መኪናዬ ውሃ ትጠጣለች» የሚል ሰው ሳገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ቡና ላይም ሆነ ቢሮ እጠይቃለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው? በሳምንት ምን ያህል ትጨምራለህ? ከስር ይንጠባጠባል ወይስ ምንም አይታይም? አብዛኛው ሰው መልስ የለውም። ጠዋት ጠዋት በሃይላንድ ውሃ መሙላት ለምዶታል። ሞልቶ ይሄዳል፣ በቃ።

መኪና ውሃ አትጠጣም። የማቀዝቀዣው መስመር ዝግ ነው። ውሃው ከሞተር ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ወደ ሞተር ይመለሳል፣ እንደገና ይዞራል። ከሪዘርቩ፣ ትርፉን ውሃ ከሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ፣ በትነት የሚቀንስ ነገር ቢኖር በጣም ጥቂት ነው፤ ያውም በረጅም ጊዜ። ቤንዚን ስለሚቃጠል ይቀንሳል፣ ዘይትም ሞተሩ ካረጀ ትንሽ ትንሽ ይበላል። የማቀዝቀዣ ውሃ ግን በየሳምንቱ ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ያንን ቦታ ሳያገኙ መሙላት ለእኔ ምንም አይዋጥልኝም።

ይህን ያስያዘኝ አባቴ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ፊያት ይዞ አሰብ ድረስ ይመላለስ ነበር። ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ መሃል ሞተር ከፈላ የሚደርስልህ የለም። ቤት ሲመጣ፣ ምንም ያህል ቢደክመው፣ ባትሪ ይዞ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ስር ሳያይ አይገባም። ባትሪውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። «መሙላቱንማ ማንም ይሞላል፤ የሄደበትን ፈልጊ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ጋራዥ ሄጄ «እህቴ፣ የድሮ መኪና ነው፣ ውሃ ጨምሪበት» ስባል ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው።

የምነዳው በፈረንጆቹ 1996 ሞዴል የሆነ ኮሮላ ነው። ባለፈው ክረምት ሪዘርቩ ላይ ያለው ውሃ ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው መውረድ ጀመረ። ቀስ እያለ ነው፤ አንድ ቀን አይቶ የሚተው ሰው ልብ አይለውም። ማታ ከሞተሩ ስር ካርቶን ዘረጋሁ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው። ዘይቱን አየሁ፣ ንጹህ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ገረፍ አድርጎ አየና «ራዲያተሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የት ጋ ነው የሚያፈሰው ብዬ ጠየቅኩ። «ያው አርጅቷል» አለ። ቀዳዳውን ሳያሳየኝ ለራዲያተር ብር አላወጣም። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዚያ የአባቴ ወዳጅ ወደነበሩት መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ብዙ አያወሩም። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጣን። ከዚያ የግፊት መፈተሻቸውን አወጡ። በእጅ የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ነው፣ ጌጅ አለው፣ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ ይገጠማል። ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ይነፋል፤ ከዚያ በላይ አይነፋም። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጌጁ ካለበት ካልተነቃነቀ መስመሩ ደህና ነው። ከወረደ ያፈሳል። ሞተሩ ስለማይሰራና ሙቀት ስለሌለ የሚወጣው ውሃ ተንኖ አይጠፋም፤ የወጣበት ቦታ ላይ ይታያል።

የእኔ ወረደ። በጣም በዝግታ ነው የወረደው። ጋሼ እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት ወደ ታች ሰደዱና ባትሪውን ለእኔ ሰጡኝ። ውሃውን በመስመሩ ውስጥ በሚያዞረው ውሃ ፓምፕ ስር አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ። አትወድቅም፤ ትሞላለች፣ ትንሽ ትረዝማለች፣ ትቆያለች። በዙሪያዋ ሮዝ ቅርፊት ደርቋል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ተፈረፈረ። ኩላንት፣ ለማቀዝቀዣ ተብሎ የተዘጋጀው ባለ ቀለም ፈሳሽ፣ ሲተን ውሃው ይሄድና ቀለሙና ኬሚካሉ እንዲህ ይቀራል። ያንን ቅርፊት ያየ ሰው ጠብታውን ባያገኝ እንኳ ቦታውን አገኘ ማለት ነው።

ውሃ ፓምፕ ስር ሆን ተብሎ የተበሳች ቀዳዳ መኖሯን ብዙ ሰው አያውቅም። የፓምፑ ዘንግ በኩሽኔታ ላይ ይዞራል። ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ የሚከለክል «ሲል» የሚባል ማሸጊያ አለ። ሲሉ ሲያልቅ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ከሚያበላሸው እዚያ ወጥቶ ባለቤቱን ቢያስጠነቅቅ ይሻላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ቀዳዳዋን በማስቲሽ መድፈን ትልቅ ጥፋት ነው። እንደዚያ ተደርጎ አይቻለሁ። ጋሼ ቺንጋውን ፈትተው የፓምፑን ፑሊ ያዝ አድርገው ነቀነቁት፤ ይላወሳል። ኩሽኔታውም ሄዷል። ፓምፑ ከነጓርኒሲዮኑ፣ መጋጠሚያው ላይ ካለው ማሸጊያ ጋር፣ ተቀየረ። ራዲያተሩ እስካሁን ያው ራዲያተር ነው፤ ጠብ አላለም።

ክዳኑ ላይ ግን ረጅም ማውራት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ከዚህ ርካሽ ዕቃ የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽንብራ ቶሎ የማይበስልልን፣ ፕሬዠር ኩከር የምንወደውም ለዚህ ነው። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ያው ነው፤ ግፊቱን አፍኖ ይይዝና ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። የቶዮታ ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ክዳኑ የሚይዘው የግፊት ልክ ነው። ባለ 0.9ው ክዳን ደህና ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ እንኳ 110 ዲግሪን ሳይፈላ ያልፋል። ኩላንት ሲኖርበት ደግሞ ከዚያም ይጨምራል።

አሁን ክዳኑ ላልቷል እንበል። ጎማው ደርቋል፣ ስፕሪንጉ ደክሟል። ግፊት አይይዝም። ውሃው ተመልሶ በ92 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ነው። እንደ እኔ ባለ የድሮ ኮሮላ የራዲያተሩ ፋን የሚነሳው ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። አስቡት፤ ፋኑ ገና ሳይነሳ ውሃው መፍላት ጀምሯል። የፈላው ውሃ ወደ ሪዘርቩ ይገፋል። ሪዘርቩ ይሞላና መሬት ላይ ይፈሳል። ባለቤቱ ጠዋት ከፍቶ ሲያይ ራዲያተሩ ጎድሏል። ሞላው፣ ማታ ያው ነው። ከዚያ ራዲያተር ይቀየራል፣ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ተነቅሎ ይጣላል፣ አንዳንዱ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከማስፈታት ይደርሳል። ክዳኑን ያየው የለም። ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ከተማ የላላ ክዳን ይዞ ትንሽ መንገታገት ይቻል ይሆናል። እዚህ ግን ከፍታው ራሱ ስምንት ዲግሪ ወስዶብናል።

ክዳን ስትገዙ ቁጥሩ መኪናው ከሚፈልገው ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ያለውን ልግጠም ማለት አያዋጣም፤ ያረጀ ጎማ ቱቦና የራዲያተሩ የፕላስቲክ ታንክ ይፈነዳል። ክዳኑ መሃል ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከሪዘርቩ ውሃ መልሳ የምታስገባው እሷ ናት። እሷ ከተጣበቀች ሪዘርቩ እየሞላ ራዲያተሩ ይጎድላል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የላይኛው ወፍራም ቱቦ ተጨፍልቆ ታገኙታላችሁ።

ሌላውን ቦታ ለማየት ዓይንና አፍንጫ ብዙ ይሠራሉ። ቱቦዎቹን በቀዝቃዛ ሞተር ጨመቅ አድርጉ። ደህና ቱቦ ይለጠጣል። የደረቀ ይንጫጫል፤ ከመጠን በላይ የለሰለሰ ደግሞ ዘይት በልቶታል። ጫፎቹ ላይ ቱቦው በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያው ቀለበት፣ የተያዘበትን ቦታ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ፋሸታው ስለላላ ብቻ ነው፣ በካቻቪቴ ጠበቅ ሲደረግ ያበቃል። ራዲያተሩ ላይ አሉሚኒየሙና የላይኛው ጥቁር ፕላስቲክ የሚጋጠሙበት መስመር ይሰነጠቃል። ኤሲ ከፍታችሁ ከነበረ ከተሳፋሪው በኩል ስር የሚንጠባጠብ ንጹህ ውሃ አያስደንግጣችሁ፤ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው። በጣታችሁ ነካ አድርጉት። ኩላንት ያሙለጨልጫል፣ ቀለም አለው፣ ጣፋጭ ሽታ አለው። እንዳትቀምሱት፤ መርዝ ነው።

ያ ጣፋጭ ሽታ መኪናው ውስጥ ከመጣ፣ ምንጣፉ ከረጠበ፣ መስታወቱም በቅባት ጭጋግ ከተሸፈነ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ነው የሚያፈሰው። ዳሽቦርድ ስር ተቀብሮ ስለሚገኝ ማውጣቱ አድካሚ ነው። እስኪሠራ ድረስ ወደ ሂተሩ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ሞተሩ ላይ እርስ በርስ አገናኝቶ መንዳት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሂተር መኖር ይቻላል፤ የሐምሌ ጠዋት መስታወት ማጥራት ካልሆነ በቀር።

የሚያስፈራኝ ወደ ውስጥ የሚያፈስ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ውሃው መሬት ላይ አይታይም፤ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ተንኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጠዋት ነጭ ጭስ ለሁሉም መኪና የተለመደ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልተወ ግን ተጠንቀቁ። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ሆኖ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንተከተከ፣ የዘይቱ ዘንግ ላይ የወተት ሻይ የሚመስል ነገር ከወጣ፣ መኪናውን አቁሙት። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲፈታም ይታወቃል፤ ውሃ የገባበት ሲሊንደር ካንዴላ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ ይገኛል። ጋሼ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተሻም አላቸው። ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፉታል። የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ሳይፈታ ነገሩ ይለያል።

እንግዲህ መንገድ ላይ ሲያጋጥም። እናቴ ደብረ ማርቆስ ስለሆነች፣ መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ የዓባይን በረሃ ደጋግሜ ወርጄ ወጥቻለሁ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት። ታች ያለው አየር ራሱ ይጋረፋል። መኪናው በዝግታ ስለሚወጣ ንፋስ አያገኝም፣ ሞተሩ ደግሞ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል። ከተማ ውስጥ የማትታይ ትንሽ ፍሳሽ እዚያ ትገለጣለች። ኮፈን ከፍተው የቆሙ መኪናዎች ያላየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ ከወትሮው ከፍ ማለት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ይሞቃችኋል፤ ያ ሙቀት ከሞተሩ የወጣ ነው። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። «ትንሽ ነው የቀረኝ» ብሎ መንዳት ቴስታታ ያስበላል። ብዙ ሞተር ላይ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጣመማል። ከዚያ መላግ፣ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ የቀናት ሥራና ብዙ ብር ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። ጌጁ ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ወደ ታች ከወረደ «ተመስገን ቀዘቀዘ» አትበሉ። ሙቀቱን የምታነበው ሴንሰር ውሃ ውስጥ መነከር አለባት። ውሃው ካለቀ በአየር ውስጥ ትቀራለች፣ የምትሰጠውም ንባብ ዋጋ የለውም። ሞተሩ ያኔ ነው የሚነደው። ሂተር ከፍታችሁ ሳለ የሚነፍሰው አየር ድንገት ከቀዘቀዘም ያው ነው፤ ውሃ የለም ማለት ነው።

ክዳኑን በትኩሱ አትክፈቱ። ይህን የምለው ፊቱና ደረቱ የተቃጠለ ሰው ስለማውቅ ነው። ግፊቱ ታፍኖ ያቆየው ውሃ ክዳኑ በተፈታ ቅጽበት በአንዴ ይፈላና ወደ ላይ ይወነጨፋል። ጨርቅ ጣል አድርጎ መክፈትም አያድንም። የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ይዛችሁ ጨምቁት፤ ትኩስና ጠንካራ ከሆነ ገና ነው። ግማሽ ሰዓት፣ ቢያስፈልግ ከዚያም በላይ ቆዩ። ልጆች ካሉ ጥላ ፈልጉላቸው። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ መድፋትም ብረቱን ይሰነጥቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ እያላችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አስነስታችሁ ክዳኑ ክፍት እንዳለ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ። ውስጥ የታሰረ አየር ካለ ሙሉ መስሎ ይታይና መንገድ ላይ እንደገና ይፈላል።

ስለምትሞሉት ነገር ደግሞ። «እዚህ አገር በረዶ የለም፣ ኩላንት ለምን?» የሚሉኝ አሉ። ኩላንት ለበረዶ ብቻ አይደለም። ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፣ የፓምፑን ሲል ይጠብቃል። ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ የተሞላ ሞተር ሲፈታ ውስጡ ቡናማ ጭቃና ነጭ ድንጋይ ነው። የእኔ ኮሮላ መስመር በሙሉ ከስድስት ሊትር ብዙ አያልፍም፤ አንዴ በደንብ ቢሞላ ለረጅም ጊዜ ነው። ያልተበረዘ ከሆነ ከዲስቲልድ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። የቶዮታው ሮዝ ተበርዞ ስለሚመጣ ውሃ አይጨመርበትም። ቀለም ብቻ አይታችሁ አትቀላቅሉ፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ኩላንቶች ውስጣቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ችግር ከመጣ፣ በረሃ መሃል፣ ንጹህ ውሃ ሙሉና ቤት ድረሱ። ከዚያ አጥባችሁ በትክክለኛው ተኩት።

ራዲያተር ውስጥ ተጨምሮ ቀዳዳ የሚደፍነውን ኬሚካል አልወደውም። እንቁላል ስበሩበት የሚሉም አሉ። ቀዳዳውን የደፈነ ነገር የራዲያተሩንና የሂተሩን ቀጫጭን መስመር መድፈኑ አይቀርም። ከከተማ ርቃችሁ ሌላ አማራጭ ከጠፋ አልፈርድም። ቤት በር ላይ ለቆመ መኪና ግን ምንም ምክንያት የለውም።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያሉን አሮጌ መኪናዎች ከበፊቱ ይበልጥ ውድ ሆነዋል፤ ሞተር አቃጥሎ ሌላ እገዛለሁ ማለት ከባድ ነው። ኤሌክትሪክ የገዛችሁም ብትሆኑ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነው፣ ሪዘርቩ ላይም ያው ሁለት መስመር አለ።

የወጣውን አሮጌ ኩላንት ደግሞ መንገድ ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ኩላሊታቸውን ጨርሶ ይገድላቸዋል። ለሕፃናትም እንደዚያው ነው። ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ከስር ሳህን አድርገው ይቀበሉና ክዳን ባለው ጄሪካን ያስቀምጡታል። ጄሪካኑ ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።